እናቴ ሌሊት አልበላችም

የእናቴ የስኳር ደብተር አሁንም እኔ ጋ ነው። ሰማያዊ ሽፋኑ ጠርዙ ተላልጧል። እያንዳንዱ ገጽ በሦስት ዓምድ ተከፍሏል፦ ቀን፣ ማታ፣ ጠዋት። ከሰባተኛው ገጽ ጀምሮ ግን አራተኛ ዓምድ ይመጣል። በእስክሪብቶ አስምሬ የጨመርኩት እኔ ነኝ። አናቱ ላይ በእጄ ጽሑፍ «ሌሊት የተበላ» ይላል።

ዓምዱ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል።

እናቴ ስኳር አለብሽ ከተባለች ጥቂት ወራት ሆኗት ነበር። ማታ ልትተኛ ስትል እለካታለሁ። ጠዋት ዓይኗን እንደገለጠች፣ ምንም ሳትቀምስ፣ እንደገና እለካታለሁ። ማታ 118፣ ጠዋት 151። በማግስቱ ማታ 124፣ ጠዋት 149። ከዚያ 113 እና 146። ማታ ደህና የነበረው ቁጥር አድሮ ከፍ ይላል። በመሀል ያለው እንቅልፍ ብቻ ነው።

የኔ ሒሳብ አጭር ነበር። ስኳር ወደ ደም የሚገባው በአፍ ነው። ስንበላ ይወጣል፣ ሳንበላ ስንቆይ ይወርዳል። ሌሊቱን ሙሉ ሳይበላ ያደረ ሰው ስኳሩ ሊወጣ አይችልም። ከወጣ በልቷል።

«እማ፣ ሌሊት ተነስተሽ የበላሽው ነገር አለ እንዴ?»

«ምንም አልበላሁም፣ ልጄ። ውኃ ብቻ ነው የተጎነጨሁት።»

አላመንኳትም። አንድ ቀን ሳይሆን ሁለት ሳምንት ሙሉ አላመንኳትም። በነጋ ቁጥር ጠየቅኳት። ጥያቄዬ እያደር ወቀሳ ሆነ። «ለራስሽ ጤና እኮ ነው» አልኳት። «ከእኔ መደበቅ ምን ይጠቅምሻል?» አልኳት። ጣፋጭ ነገር ያለበትን የኩሽና ቁም ሳጥን ቆለፍኩና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። የዚያን ቀን እናቴ በገዛ ቤቷ የተቆለፈውን ቁም ሳጥን ቆማ ስታየው አይቻለሁ። ምን እንደተሰማት ግን ለማሰብ ጊዜ አልሰጠሁም።

መጀመሪያ ትከራከረኝ ነበር። ኋላ ዝም አለች። ከዝምታው ቀጥሎ የመጣው ነው የሚቆጨኝ። እራት መቀነስ ጀመረች። ግማሹን ትታ «ጠግቤያለሁ» ትላለች። አልጠገበችም። ጠዋት የምጽፈው ቁጥር ዝቅ ብሎ እንዳምናት ፈልጋ ነው። ቁጥሩ ግን አልተባበራትም። እራቷን በደንብ በልታ ያደረች ቀን 150፣ ሳትበላ ያደረች ቀን 153።

እዚህ ጋ መጠርጠር ነበረብኝ። ጠረጠርኩም፤ የጠረጠርኩት ግን እሷኑ ነው። እራት ሳትበላ ተኝታ ሌሊት ራባት፣ ተነስታ በላች አልኩ። አንዴ ካመንኩት በኋላ ሁሉም ነገር ማስረጃ ሆነልኝ።

ፍራሹን በሯ ላይ

አንድ ዓርብ ማታ ፍራሼን ይዤ እሷ ክፍል ገባሁ። «ሌሊትም ልለካሽ ነው፣ ለዶክተሩ እንድናሳየው» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ግን እጅ ከፍንጅ ልይዛት ነበር። ፍራሹን በሯ ላይ አነጠፍኩት። ለመውጣት እኔን ተራምዳ ማለፍ አለባት።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ለካኋት። 121። መብራት አጠፋን።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስልኬ ነዘረ። በስልኬ መብራት አጠገቧ ተንበረከክሁ። እናቴ ሳትነቃ እጇን ዘረጋችልኝ። ይሄን አልረሳውም። እንቅልፍ ላይ ሆና እንኳ ጣቷን ትሰጠኛለች። የጣቷን ጫፍ በብርሃኑ አየሁት። ተወግቶ ተወግቶ ወንፊት መስሏል። ዳሩን ወጋሁት። ትንሽ ጠብታ ብቅ አለች። የስትሪፑን ጫፍ ሳስጠጋው ደሙን ሳብ አደረገው። ማሽኑ መቁጠር ጀመረ። አምስት፣ አራት፣ ሦስት። 117።

ይኸው፣ ልክ ነበርኩ አልኩ። ሳትበላ ስትቆይ ይወርዳል።

ከዚያ በኋላ አልተኛሁም። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ቁጭ አልኩ። አተነፋፈሷን እሰማለሁ። አንዴ ተገላበጠች። አንዴ ከራስጌዋ ውኃ ተጎነጨች። ሌላ ምንም የለም። 11 ሰዓት ሲሆን እጇን ያዝኩ። ገና ጨለማ ነው። ወጋሁ። አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ።

138።

ስትሪፑ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አዲስ አወጣሁ። ሌላ ጣት ወጋሁ። 141። በሩ አልተከፈተም። ቁም ሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። በእናቴ አፍ ከውኃ በቀር ምንም አልገባም። ስኳሩ ግን ጨምሯል።

«ስንት ሆነ?» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«138።»

ትንሽ ዝም አለች። «እንግዲህ ዛሬ አንቺም እዚሁ ነበርሽ» አለች። ቁጣ አልነበረበትም። ወደ ግድግዳው ዞራ ብርድ ልብሷን ሳበች።

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያንን ትንሽ ማሽን እንደያዝኩ ነጋ። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይባላል። እኔ ሳላጣራ የፈረድኩት ደግሞ ማን ላይ እንደሆነ አስቡት። ዕድሜ ልኬን ዋሽታኝ የማታውቅ ሴት ናት። አንድ ማሽን አንድ ቁጥር ስላሳየኝ የእሷን ቃል ጥዬ የራሴን ሒሳብ አመንኩ። ማሽኑ አልዋሸም። እሷም አልዋሸችም። የተሳሳተው በሁለቱ መሀል ያስገባሁት የኔ ሐሳብ ነው።

ታዲያ ስኳሩ ከየት መጣ?

አንድ የሻይ ማንኪያ

ዶክተሩ ደብተሩን ገልጦ አራተኛው ዓምድ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ። «እናቴ፣ ልክ ነዎት። አልበሉም። ስኳሩን ያመጣው ጉበትዎ ነው።» የእናቴ ትከሻ ላላ ሲል አየሁ። ለሁለት ሳምንት እንደዚያ ተወጥሮ መቆየቱን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት ሁሉ የጀመረው ከዚያች ንግግር ነው። መጀመሪያ ያስደነገጠኝ የመጠኑ ማነስ ነበር። የአንድ አዋቂ ደም 5 ሊትር ገደማ ነው። በባዶ ሆድ በእያንዳንዱ ዴሲሊትር 90 ሚሊግራም ስኳር አለ ብንል፣ ሁሉም ተደምሮ 4 ግራም ተኩል ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ። ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር የሚዞረው ይቺው ናት።

አንጎል ደግሞ ብቻውን በቀን 120 ግራም ገደማ ይፈልጋል። በሰዓት 5 ግራም ማለት ነው። ስንተኛም አያርፍም። ቀይ የደም ሴሎችም ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ እነሱ ከስኳር ሌላ ምንም መጠቀም አይችሉም። እንግዲህ ደም ውስጥ ያለችው ማንኪያ ለአንጎል እንኳ አንድ ሰዓት አትሞላም። የኔ ሒሳብ ልክ ቢሆን ኖሮ፣ እራቱ ተፈጭቶ ካለቀ በኋላ ማንም ሰው ሌሊቱን አይዘልቅም ነበር።

ጤነኛ ሰው ግን ሌሊቱን ምንም ሳይበላ አድሮ ሲለካ ከ70 እስከ 99 ባለው ውስጥ ይገኛል። ዛሬም ነገም። ይህ የሚሆነው ማንኪያዋ ስለማትጎድል አይደለም። እየጎደለች ስለምትሞላ ነው። ጉበት በሰዓት 8 ግራም ገደማ ወደ ደም ያስገባል። እኛ ተኝተን የጠፋውን ያህል ይተካል። በጣም ከቸኮለ ስኳር ይበዛል፣ ከዘገየ አንጎል ይራባል። ይሄን ሁሉ ሌሊት የሚሠራ አካል በሆዴ ይዤ ስዞር መኖሬን አለማወቄ ይገርመኛል።

ጎተራውና ጠባቂው

ጉበት ስንበላ ከሚገባው ስኳር ቀንሶ ያስቀምጣል። የስኳር ቅንጣቶቹን እርስ በርስ አያይዞ ግላይኮጅን የሚባል ክምችት ያደርጋቸዋል። 100 ግራም ገደማ ይይዛል። ጡንቻዎቻችንም ያከማቻሉ። እንዲያውም የእነሱ ክምችት በጠቅላላው ከጉበቱ በብዙ ይበልጣል። ግን ያንን ስኳር ወደ ደም ለመልቀቅ የሚያስፈልገው ኢንዛይም የሚባል ፕሮቲን የላቸውም። ያስቀመጡትን ለራሳቸው ይጠቀሙበታል። ለአንጎል የሚደርስለት የጉበት ጎተራ ነው።

የጎተራው ጠባቂ ቆሽት ነው። ስንበላ ኢንሱሊን ይለቃል፤ ኢንሱሊን ጉበትን «አስቀምጥ፣ አታውጣ» ይለዋል። ሰዓታት አልፈው ስኳሩ ዝቅ ማለት ሲጀምር ኢንሱሊን ይቀንሳል። ግሉካጎን የሚባለው ሌላው ሆርሞን ከፍ ይላል። ያኔ ጎተራው ይከፈታል። እኔ ኢንሱሊንን የማውቀው ስኳርን ከደም ወደ ሴል በማስገባቱ ብቻ ነበር። ጉበትን የሚያስቆመው ልጓምም እሱ መሆኑን አላውቅም ነበር። የእናቴ ጉዳይ ያለው ደግሞ እዚህ ልጓም ላይ ነው።

ጎተራ ግን ያልቃል። አንድ ቀን ገደማ ሳይበላ የቆየ ሰው የጉበቱ ክምችት ሊያልቅ ይደርሳል። ስኳሩ ግን ተንኮታኩቶ አይወድቅም። ምክንያቱም ጉበት ከማከማቸት ባለፈ አዲስ ስኳር መሥራት ይችላል። ከምን? ጡንቻና ቀይ የደም ሴሎች ስኳር ተጠቅመው ከሚተዉት ላክቴት። ስብ ሲፈርስ ከሚወጣው ግሊሰሮል። ከጡንቻ ፕሮቲን ከሚመጡ አሚኖ አሲዶች። ይሄ ሥራ ጎተራው እስኪያልቅ ድረስም አይጠብቅም። ሌሊቱን ሳይበላ ያደረ ሰው ጠዋት ላይ ጉበቱ ከሚያወጣው ስኳር ግማሽ ያህሉ አዲስ የተሠራ ነው። ጾሙ ሲረዝም ኩላሊትም ያግዛል። ላክቴት ከጡንቻ ወደ ጉበት ሄዶ ስኳር ሆኖ የሚመለስበትን ዑደት ያገኙት ካርል እና ገርቲ ኮሪ የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1947 ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ዑደቱም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ከሁሉም የቀረበኝ ግን የክሎድ በርናር ታሪክ ነው። በእሱ ዘመን ሊቃውንቱ ልክ እንደኔ ያስቡ ነበር። ስኳር የሚሠሩት ዕፅዋት ናቸው፣ እንስሳ የሚያገኘው በልቶ ነው ይሉ ነበር። ይሄ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ስኳር ያልበላ ውሻ ከጉበቱ በሚወጣው ደም ውስጥ ስኳር አገኘ። ሰው አላመነውም። እ.ኤ.አ. በ1855 የአንድ ውሻ ጉበት አውጥቶ፣ በደም ሥሮቹ ውኃ እያሳለፈ ስኳሩ ሙልጭ ብሎ እስኪወጣ ድረስ አጠበው። የታጠበውን ጉበት አሳድሮ በማግስቱ ሲመረምረው እንደገና ስኳር ሞልቶበታል። ከሆድ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ብቻውን የተቀመጠ ጉበት ሌሊቱን ስኳር አውጥቷል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ግላይኮጅንን ለይቶ አወጣው። ይሄን ሳነብ ፍራሹ ላይ የነጋብኝ ሌሊት ታወሰኝ። ምንም ሳይገባ ስኳር ሲጨምር እሱም አይቷል። ልዩነታችን እሱ ጉበቱን ጠየቀ፣ እኔ እናቴን።

እኔም ራሴን ለካሁ

ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ በራሴ ላይ ለማየት ፈለግኩ። ጤነኛ ነኝ፣ ምንም መድኃኒት አልወስድም፣ ዶክተሩንም ጠይቄዋለሁ። እራት በላሁና እስከ ማግስቱ እራት ውኃ ብቻ ጠጣሁ። 12 ሰዓት ሳልበላ ስቆይ 88። በ16ኛው ሰዓት እጄ ዛለ፣ ጭንቅላቴ ከበደ፣ ትኩረቴ ጠፋ። ስኳሬ ወረደ አልኩ። ሁላችንም እንዲህ ነው የምንለው። ለካሁ። 84።

ሁለተኛ ጣት ወጋሁ። 85። ረሃቤ እውነት ነው፣ ስኳሬ ግን አልወረደም። ሆዴ ባዶ ነው፣ ደሜ ግን ባዶ አይደለም። በ24ኛው ሰዓት 79 ሆነ። ጠዋት ከነበረው በ9 ነጥብ ብቻ ነው የወረደው። እንዲያውም በ24ኛው ሰዓት ከ16ኛው ይልቅ ቀለል ብሎኝ ነበር።

ሰው ከዚህም በላይ ለቀናት ሳይበላ ቢቆይ ሰውነት ሌላ መላ ያመጣል። ስኳር ለመሥራት ጡንቻን እያፈረሱ መዝለቅ አይቻልም። ስብ አለ፤ ነገር ግን አብዛኛው የስብ ክፍል ወደ ስኳር አይለወጥም። ስለዚህ ጉበት ስቡን ኪቶን ወደሚባል ሌላ ነዳጅ ይቀይርና ለአንጎል ይልከዋል። አንጎል ስኳር ብቻ ነው የሚጠቀመው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ተመራማሪው ጆርጅ ካሂልና ባልደረቦቹ ለሳምንታት ሳይበሉ በቆዩ ሰዎች ላይ እንዳሳዩት ግን፣ ያኔ አንጎል ከሚያስፈልገው አብዛኛውን ከኪቶን ያገኛል። የስኳር ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ጡንቻውም ይተርፋል። ቆሽት፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ስብ፣ ጡንቻ፣ ሁሉም ለአንዲት ማንኪያ ይረባረባሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ልጓሙ ሲላላ

ታዲያ እናቴ ጋ የተበላሸው ምንድን ነው? የሷ ጉበት የሚሠራው ያው የሁላችንን ጉበት ሥራ ነው። ችግሩ መቆም አለማወቁ ነው። በዓይነት 2 ስኳር በሽታ ጉበት የኢንሱሊንን ቃል በደንብ አይሰማም። ደም ውስጥ በቂ ስኳር እያለ፣ እንደራበው ሰው ጎተራውን ይከፍታል፣ አዲስም ይሠራል።

ወደ ንጋት ሲሆን ይብሳል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እንደ ኮርቲሶል ያሉ ሆርሞኖች ከፍ ማለት ይጀምራሉ። ሰውነት ለመንቃት ይሰናዳል። እነዚህ ሆርሞኖች ጉበትን ስኳር ያስወጡታል። ጤነኛ ሰው ጋ ቆሽት ወዲያው ትንሽ ኢንሱሊን ይጨምርና ቁጥሩ ላይ ምንም አይታይም። እናቴ ጋ የሚጨመረው አይበቃም። 117 የነበረው 138 ይሆናል፣ ሲነጋ 150 ይገባል። ሐኪሞች የንጋት ክስተት ይሉታል። ስም አለው። በየቤቱ፣ በየሌሊቱ የሚሆን፣ የታወቀ፣ የተጻፈ ነገር ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ነገር ቁም ሳጥን ቆለፍኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው ይሄው ነው፤ የጉበቷን ሥራ እሷ ላይ ለጠፍኩት።

እራት መተዋም ለዚህ ነው ያልረዳት። ባዶ ሆድ ጉበትን አያስቆምም። ባዶ ሆድማ ጉበት ሥራ የሚጀምርበት ሰዓት ነው።

አሁንም ሳስበው የሚያንዘፈዝፈኝ አንድ ነገር አለ። እናቴ ያኔ የምትወስደው ሜትፎርሚን ብቻ ነበር። ሜትፎርሚን በዋናነት ጉበት የሚያወጣውን ስኳር የሚቀንስ ነው፤ ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን አለቅጥ አያወርድም። ኢንሱሊን የምትወጋ ብትሆንስ? ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ፣ ቆሽትን ገፍቶ ኢንሱሊን የሚያስለቅቅ ኪኒን ብትወስድስ? እነዚህን የሚወስድ ሰው ኢንሱሊኑ እራት ስለተተወ አይቀንስም። መድኃኒቱ ጉበቱን እንደቆለፈ ይቆያል። ሰውየው አልበላም፣ ጉበቱም አይሰጥም። ስኳር ከ70 በታች ይወርዳል፤ ከ54 በታች ከሆነ ደግሞ አደገኛ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መደናገር ይመጣል። የነቃና መዋጥ የሚችል ሰው ከሆነ 15 ግራም ያህል ፈጥኖ የሚዋሃድ ስኳር ይሰጠዋል፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይደረግም፤ በፍጥነት ወደ ሐኪም ነው። እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ያለሐኪሙ ምክር ምግብ መዝለል የለበትም። እኔ በወቀሳዬ እናቴን ወደዚያ ልገፋት እችል ነበር። የተረፍነው በመድኃኒቱ ዓይነት ነው፣ በኔ ጥንቃቄ አይደለም።

ዶክተሩ የመድኃኒቷን መጠንና ሰዓት አስተካከለላት። እራቷን እንድትበላ አዘዛት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠዋት 131፣ 126፣ 128 መጻፍ ጀመርን። ቁም ሳጥኑን ግን ከዶክተሩ በተመለስንበት ቀን ነበር የከፈትኩት። ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀምጬ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ተይው፣ ለኔው ብለሽ ነው» አለችኝ። እንደዚያ ማለቷ አላቀለለልኝም።

አራተኛውን ዓምድ ልሰርዘው ስል ከለከለችኝ። «ደብተሩን አታበላሺው» አለች። ከዚያ ስለ ጉበቷ ጠየቀችኝ። ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጀምረው አለች።

«ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ።»

ትንሽ አሰበች። «እኔም እኮ እንቅልፌ የሚሰበረው ያኔ ነው» አለችና እጇን ዘረጋችልኝ፣ የማታው መለኪያ ሰዓት ደርሶ ነበር።